ዊንዶውስ 10 ከገባ በኋላ የተኛው የጋሼ ላፕቶፕ

ነገሩ የጀመረው የካቲት 2015 ላይ ነው። ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የሂሳብ ባለሙያ ነው። የአራት ትንንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ ይይዛል። ሥራው ሁሉ ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። ኮር አይ 5 ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 7። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም፣ ኤክሴል፣ ክሮምና ቴሌግራም ከከፈተለት ሌላ ነገር አይጠይቀውም።

ያን ሰሞን ክሮም ለዊንዶውስ 7 አዲስ ስሪት መስጠት አቆመ። የመጨረሻው 109 ነበር። ዊንዶውስ 7 ራሱም ለተራ ተጠቃሚ ከጥር 2012 ጀምሮ የደህንነት ማሻሻያ አያገኝም። የሰው ደሞዝ፣ የግብር ሰነድ፣ የባንክ ወረቀት የተከማቸበት ኮምፒዩተር እንደዚህ ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ሲውል እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። "ወደ 10 ላሳድግልህ" አልኩት። "አትንኪው፣ እየሠራ ነው" አለኝ። ሁለት ሳምንት ጨቀጨቅኩት። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሰጠኝ።

ማሻሻሉ ያለ ምንም የስህተት መልእክት አለቀ። ግን ሰባት ሰዓት ፈጀ። ያኔ "ዕቃው ስላረጀ ነው" ብዬ አለፍኩት። እሑድ ማታ ወሰድኩለት። ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጠራ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሽው ነው? ካበራሁት ቡና ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጣ፤ እሱ ገና ይሽከረከራል።"

ማታ ሄጄ በስልኬ ለካሁት። የማብሪያ ቁልፉ ከተነካ ጀምሮ ዴስክቶፑ ላይ ያለ አንድ ፎልደር እስኪከፈት ድረስ 11 ደቂቃ። ክሮም ለመከፈት ከ2 ደቂቃ በላይ። ፒችትሪን ሲነካው ስክሪኑ ነጭ ይሆንና ስታክ ያደርጋል። የወር መዝጊያ እየደረሰ ነበር። በጣም አስጨነቀኝ።

የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የመከረኝ አንድ ነገር ነው። "ፎርማት አርጊው።" እኛ ጋ ኮምፒዩተር ሲታመም የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መድኃኒት ይሄው ነው። እኔ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ፎርማት ማድረግ አልፈልግም። ኋላ እንደምታዩት ያን ቀን ፎርማት አድርጌው ቢሆን ኖሮ አንድ ሳምንት ደህና ይመስልና እንደገና ይተኛ ነበር። ያውም ዳታውን ይዞ።

በመጀመሪያ ያደረግኩት መጠበቅ ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አዲስ ዊንዶውስ ሲገባ የሚታየው ሥራ ያልቃል እንጂ የማይታየው ያኔ ነው የሚጀምረው። ለፍለጋ እንዲመቸው ፋይሎቹን አንድ በአንድ እያነበበ ማውጫ ይሠራል። ዲፌንደር፣ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ፣ ዲስኩን ይፈትሻል። ዝማኔ ያወርዳል፣ ድራይቨር ማለትም እያንዳንዱን ዕቃ የሚያሠራውን ፕሮግራም ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀርፋፋ ዲስክ ላይ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አንድና ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ቻርጀሩ እንደተሰካ፣ ሽፋኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አድርጌ፣ ሁለት ሌሊት ሳላጠፋው አሳደርኩት። አንዱን ሌሊት መብራት ሄዶ ስለነበር ሦስተኛ ሌሊት ጨመርኩ።

እዚህ ላይ ሁለት ትንንሽ ነገር። ኢንተርኔቱ ከስልክ ሆትስፖት ከሆነ፣ ዋይፋዩን ነክታችሁ ንብረቱ ውስጥ ገብታችሁ "ሜተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሩት። አለዚያ ዝማኔው የሳምንት ጥቅላችሁን በአንድ ማታ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው፣ ዊንዶውስ 10 ላይ "ሸት ዳውን" ስትሉት በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቶሎ እንዲነሳ ብሎ የውስጡን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ከልቡ አዲስ እንዲጀምር ከፈለጋችሁ "ሪስታርት" በሉት።

ከሦስት ሌሊት በኋላ እንደገና ለካሁት። 9 ደቂቃ። ተሽሏል ማለት አይቻልም።

ከዚያ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ መጫን ነው። ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ከሦስት ነገር አንዱን እየጠበቀ ነው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን ወይም ዲስኩን። የትኛውን እንደሆነ እዚህ ጋ ቁጭ ብሎ ይታያል። ፕሮሰሰሩ 7 በመቶ። ራሙ 61 በመቶ። ዲስኩ 100 በመቶ፣ ቀይ ሆኖ።

100 በመቶ የሚለውን ሲያይ ሰው "ብዙ እየሠራ ነው" ይላል። ትርጉሙ ግን ዲስኩ አንድም ሰከንድ ሥራ አልፈታም ማለት ብቻ ነው። ስንት ሠራ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። "ፐርፎርማንስ" የሚለውን ነክታችሁ "ዲስክ" ውስጥ ስትገቡ የማንበብና የመጻፍ ፍጥነቱ ከታች ተጽፏል። የጋሼ ላፕቶፕ በሰከንድ 0.9 ሜጋባይት ያነባል ይላል። ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም።

ይሄ ብቻውን ግን ዲስኩ ታሟል አያሰኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ደስ የሚል ነገር ስለሆነ። የጋሼ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው። በሰከንድ 90 ዙር ማለት ነው፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። አንድ ቁራጭ ፋይል ለማንበብ መጀመሪያ መርፌው ወደ ቦታው መሄድ አለበት፣ ከዚያ ሳህኑ ዞሮ እስኪደርስለት ይጠብቃል። እዚህም እዚያም የተበተነ ትንንሽ ነገር አንብብ ሲሉት ጤነኛው ራሱ በሰከንድ ከ60 እስከ 100 ቁራጭ ቢያነብ ነው። ቁራጩ 4 ኪሎባይት ከሆነ ስታባዙት ግማሽ ሜጋባይት አይሞላም። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያደርገው ደግሞ ይሄንኑ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው መልቀም። ዊንዶውስ 10 ከ7 የበለጠ ከጀርባ የሚሠራው ነገር አለው። ስለዚህ በተሽከርካሪ ዲስክ ላይ መክበዱ የሚጠበቅ ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ቁጥር ነው። እዚያው ገጽ ላይ "አቨሬጅ ሪስፖንስ ታይም" የሚል አለ፤ ዲስኩ አንድ ጥያቄ ሲቀርብለት በስንት ጊዜ እንደሚመልስ የሚያሳይ። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ላይ 10 ወይም 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሥራ ሲበዛበት ወረፋ ስለሚኖር 100ም 200ም ሊል ይችላል። የጋሼ፣ ሁሉንም ፕሮግራም ዘግቼ፣ ኢንተርኔቱን አጥፍቼ፣ ምንም ሳልነካው 1,800 ይላል። ለአንዲት ጥያቄ ወደ ሁለት ሰከንድ የሚጠጋ። እዚያው ጋ ልቤ ወደ ዲስኩ ሄደ።

ግን አልቸኮልኩም። ከዲስኩ በፊት ሌሎቹን ማጥራት ነበረብኝ፤ ደግሞም እውነተኛ ችግር ተገኝቷል። ከዊንዶውስ 7 ዘመን የመጣ፣ ፈቃዱ ካለቀ ሁለት ዓመት የሆነው አንቲቫይረስ አሁንም ይነሳል። አወጣሁት፤ ዲፌንደር ይበቃዋል። "ስታርታፕ" የሚለው ውስጥ ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሱ 14 ፕሮግራሞች ነበሩ። ከነሱ አስራ አንዱን ዘጋሁ። አንዱ ጋሼ ከሸጠው ከቆየ ፕሪንተር ጋር የመጣ ነው።

የስክሪን ካርዱ ደግሞ ድራይቨር አልነበረውም። "ዲቫይስ ማናጀር" ውስጥ ገብታችሁ "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" የሚል ካያችሁ ትክክለኛው ድራይቨር አልገባም ማለት ነው። ያኔ ምስሉን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ነው የሚስለው። ገጽ ወደ ታች ስታንሸራትቱ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ትክክለኛውን ሳስገባ መስኮቶቹ ቀለል አሉ። በነገራችን ላይ ፕሮሰሰሩም ይታይ። "ሲፒዩ" ውስጥ ፍጥነቱ ተጽፏል። ምንም ብትሠሩ 0.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ተቸክሎ ከቀረ ወይ ሙቀት ነው ወይ የማይስማማ ቻርጀር ነው። የጋሼ ደህና ነበር። ቢሆንም ፋኑን ከፍቼ የወጣው አቧራ ጭብጥ ይሞላል።

ያላደረግኩትንም ልናገር። "ፍጥነት ይጨምራል" የሚሉ ማጽጃ ፕሮግራሞችን አልጫንኩም። አይጠቅሙም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ከጀርባ እየተነሱ ተጨማሪ ሸክም ይሆናሉ። ሰርቪስ፣ ማለትም ከጀርባ የሚሠሩት የዊንዶውስ ክፍሎች ውስጥ እየገባችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ አጥፉ የሚለውን ምክርም አልተከተልኩም። "ሲስሜይን" የሚባለውን፣ አዘውትረን የምንከፍታቸውን ፕሮግራሞች ቀድሞ ራም ላይ የሚያዘጋጀውን፣ ለሙከራ ለአንድ ቀን አቆምኩት፤ ለውጥ ስላላየሁ መለስኩት። ዲስኩን "ዲፍራግ" አላደረግኩም፤ የተበታተኑ ፋይሎችን መሰብሰብ ማለት ነው። ይሄ በጣም አስፈላጊ ነው፤ ዲስክ ታሟል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ዲፍራግም ሆነ ዲስኩን ለስህተት የሚፈትሸውን ሙሉ "ቼክ ዲስክ" ከባክአፕ በፊት አታስነሱ። ሁለቱም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያሠሩታል። ሊሞት የደረሰውን መግደል ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ 8 ደቂቃ ከ20።

ከዚያ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ አመጣሁ። ሃርድ ዲስክ የራሱን ጤና በራሱ ይመዘግባል፤ ይሄ ፕሮግራም ያንን መዝገብ ያነበዋል። ጤነኛ ከሆነ ሰማያዊ ነው። የጋሼ ቢጫ ነበር። ከብዙዎቹ መስመሮች የሚያስፈልጓችሁ ሁለት ናቸው። 05 የሚለው ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። ሲ5 የሚለው ደግሞ ዲስኩ ማንበብ አቅቶት "እስኪ ቆይቼ አየዋለሁ" ብሎ በይደር የያዛቸውን። ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። የጋሼ ሲ5 ዜሮ አልነበረም፤ ሦስት ቀን ቆይቼ ሳየው ደግሞ ጨምሯል። የሚያስፈራው ጭማሪው ነው። "ኢቨንት ቪውር" የሚባለው የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ ስገባም ቁጥር 7 የሆነ፣ ዲስኩ የተበላሸ ቦታ አለው የሚል መልእክት ተደርድሯል።

መንቀራፈፉም ከዚሁ ነው። ዲስኩ የተጎዳ ቦታ ላይ ሲደርስ ወዲያው አልቻልኩም አይልም። ደጋግሞ ይሞክራል። አንዴ፣ አስር ጊዜ፣ ከዚያም በላይ። እሱ ሲሞክር ሌላው ጥያቄ ሁሉ ከኋላው ወረፋ ይዞ ይቆማል። ስክሪኑ ነጭ የሚሆነው ያኔ ነው። ስህተት አያሳይም፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

"ታዲያ ከማሻሻሉ በፊት ለምን ደህና ነበር?" አለኝ ጋሼ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዊንዶውስ 7 ዓመታት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጋሼም የሚነካው እነዚያኑ ጥቂት ፋይሎች ነው። የተቀረው የዲስኩ ክፍል ማንም ሳይነካው ኖሯል። ማሻሻሉ ሲመጣ አዲሱን ዊንዶውስ በሙሉ ጻፈ፣ አሮጌውን ደግሞ መመለስ ቢፈለግ ብሎ "ዊንዶውስ ኦልድ" የሚል ፎልደር ውስጥ ለ10 ቀን አስቀመጠ። በአንድ ቀን ብዙ ጊጋባይት፣ ለዓመታት ባልተነካ ቦታ ላይ። አዲሶቹ የሲስተም ፋይሎች ከተጎዳው ቦታ ላይ ሄደው አረፉ። በሽታው የቆየ ነው። እኔ ቅዳሜ ዕለት ያደረግኩት ግልጥልጡን ማውጣት ነው። ዝም ብንለው ኖሮ ደግሞ አንድ ቀን ከነፒችትሪው ይሄድ ነበር፤ ምክንያቱም ጋሼ ባክአፕ የሚያደርገው እዚያው ዲስክ ላይ ነው።

ይሄን ሲነግረኝ ደነገጥኩ። አራት ድርጅት፣ የስንት ዓመት መዝገብ። የመጀመሪያ ባክአፑን ያን ማታ አንድ ላይ ተቀምጠን ሠራን። ፒችትሪ ውስጥ "ፋይል" ብሎ "ባክአፕ"፤ አራቱንም ድርጅት አንድ በአንድ፣ በቀጥታ ወደ ፍላሽ። ቀጥሎ ኤክሴሎቹ። ቀጥሎ ሰነዶቹ። ፎቶ መጨረሻ። ቅደም ተከተሉ ይሄ የሆነው ዲስኩ መሃል ላይ ቢያቆም የእንጀራው ጉዳይ ቀድሞ እንዲተርፍ ነው። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ፈጀብን። የሂሳቡ ዳታ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ከፎቶዎቹ ሦስቱ አልተነበቡም።

በማግስቱ በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ ፈጣን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ልገዛ መገናኛ ሄድኩ። አንዱ ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ላፕቶፑን አየት አድርጎ "ይሄማ አርጅቷል፣ ብርሽን አታባክኚ፣ አዲስ ግዢ" አለኝ። የምነግራችሁ ከልቤ ነው፣ ይሄን ምክር ቶሎ አትቀበሉ። ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ለኤክሴልና ለፒችትሪ ከበቂ በላይ ነው። ያረጀው የሚሽከረከረው ዕቃ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለት ሦስት ብሎን ተፈቶ የሚወጣ ነገር ነው። ኤስኤስዲ ውስጡ ምንም የሚዞር ነገር የለውም። መርፌ እስኪሄድ፣ ሳህን እስኪዞር የሚባል ጥበቃ የለም። ሃርድ ዲስኩ በሰከንድ መቶ ቁራጭ ሲያነብ ይሄ በአስር ሺዎች ያነባል።

ስትገዙ እዚያው አስሰክታችሁ ፈትሹት። ሐሰተኛ አለ። ደህናው የሳታ ኤስኤስዲ ረጅም ፋይል ሲነበብ በሰከንድ 500 ሜጋባይት አካባቢ ያሳያል። ውፍረቱንም እዩ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኤስኤስዲው 7። ልዩነቱን የሚሞላ የፕላስቲክ ፍሬም ከሌለ ሶኬቱ ላይ ይወዛወዛል። ተጨማሪ 4 ጊጋ ራምም ገዛሁ። ራም ላይ ጥንቃቄ፤ የጋሼ ዓይነቱ ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት ይሠራል። ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ ዲዲአር 3 የሚጠቀሙት ላፕቶፖች ግን ባለ 1.35 ቮልቱን፣ መጨረሻው ላይ ኤል ያለበትን ነው የሚፈልጉት። አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ መሄድ ይሻላል።

አሮጌውን ዲስክ ወደ አዲሱ አልገለበጥኩም። ከታመመ ዲስክ ላይ የተገለበጠ ዊንዶውስ ጉዳቱንም ይዞ ይመጣል። በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ 10ን አዘጋጅቼ አዲሱ ላይ በንጹሑ ጫንኩ። ቁልፍ ሲጠይቀኝ የለኝም ብዬ አለፍኩ፤ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን አወቀ። ከሰባት ሰዓቱ ጋር አወዳድሩት፤ 25 ደቂቃ አልሞላም።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመን። ጋሼ የአማርኛ ደብዳቤዎቹን የሚጽፈው በኒያላ ፎንት ነው። አዲሱ ላይ ሲከፍታቸው ፊደሉ ተለውጧል፣ መስመሩ ተዛብቷል፣ አንድ ገጽ የነበረው ሁለት ሆኗል። ዊንዶውስ 10 ለግዕዝ ፊደል ኤብሪማ የሚባለውን ነው ይዞ የሚመጣው። ኒያላ አልጠፋም፣ ለብቻው ተቀምጧል። "ሴቲንግ"፣ "አፕስ"፣ "ኦፕሽናል ፊቸርስ" ብላችሁ "ኢትዮፒክ ሰፕልሜንታል ፎንትስ" የሚለውን ጨምሩ። ጋሼን ከፍጥነቱ ይልቅ ያስደሰተው ይሄ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ለካን። ስልኩን የያዘው እሱ ነው። 24 ሰከንድ። አጥፍቶ እንደገና አበራው። 23። ፒችትሪን ከፈተ፣ ኤክሴልን ደረበበት፣ ክሮምን ደረበበት፣ ዝም ብሎ አየኝና "በይ እራት እንብላ" አለ። የወር መዝጊያው በጊዜው ደረሰ።

ያ ላፕቶፕ ዛሬም ይሠራል። ግን ዊንዶውስ 10ም ተራው ደርሶ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ አብቅቷል። 11 አይቀበለውም። 11 ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚፈልገው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕም ግዴታ ነው። በጓዳ በር የሚያስገቡ መንገዶች አሉ፣ እኔ ግን የሰው ሂሳብ ያለበት ኮምፒዩተር ላይ አላደርገውም። ለጊዜው በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተን የተራዘመውን የደህንነት ማሻሻያ አስመዝግበናል፤ ሴቲንጉን ባክአፕ ማድረግ ከተፈቀደለት ክፍያ አልጠየቀም። እሱ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ይሄዳል። እስከዚያ ፒችትሪው ወደ ሌላ ላፕቶፕ ይዛወራል። ይሄኛው ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጭኜ ለጋሼ ልጅ ለትምህርቷ እሰጣታለሁ። ፍላሹን አዘጋጅቻለሁ፣ ሳልጭነው ከፍላሹ ላይ አስነስቼም አይቼዋለሁ። ዋይፋዩም፣ ድምፁም፣ የአማርኛ ኪቦርዱም ሠርቷል።